የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የመክፈቻ ድልና ከሥሩ የተለወጠው የተጫዋቾች ስብስብ

በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲዎች የእግር ኳስ ውድድር በየዓመቱ በነሐሴ ወር መጨረሻና በመስከረም መጀመሪያ በፈረንጆች አቆጣጠር ይከፈታል። የመጀመሪያው ጨዋታ ከአሥራ ሁለቱ መደበኛ ግጥሚያዎች አንዱ ብቻ ቢሆንም፣ ደጋፊው ስምንት ወር ሙሉ ሲጠብቀው የቆየ በመሆኑ ከነጥቡ የበለጠ ክብደት ይሰጠዋል። አሰልጣኙ በክረምቱ የሠራው ሥራ ፍሬ አፍርቶ እንደሆነና እንዳልሆነ፣ አዲስ የመጡት ተጫዋቾች ለቦታቸው ይመጥኑ እንደሆነ የሚመዘነው በዚሁ ቀን ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 2 ቀን 2023 በቴክሳስ ግዛት ፎርት ወርዝ ከተማ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ቴክሳስ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲን 45 ለ42 ያሸነፈበት ጨዋታ ከእነዚህ የመክፈቻ ጨዋታዎች ሁሉ እስካሁን ብዙ ከተነገረላቸው መካከል ይገኛል።

ጨዋታው መነጋገሪያ የሆነው በውጤቱ ብቻ አልነበረም። አሸናፊው ቡድን ከዘጠኝ ወራት በፊት ከነበረው ቡድን ጋር ስሙንና የማልያውን ቀለም እንጂ ሰዎቹን እምብዛም አይጋራም ነበር። አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የቡድኑን አባላት ከሞላ ጎደል በአንድ ዓመት ውስጥ ለውጦ ማሸነፍ ይችላልን? ቢችልስ ድሉ ይዘልቃልን? የተሸኙት ተማሪዎችስ ምን ደረሰባቸው? ይህ መጣጥፍ ጉዳዩን ከነአሠራሩ ለማብራራት ይሞክራል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልን እንወዳለን።

ስለ ጨዋታው ምንነት ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። አሜሪካውያን "እግር ኳስ" የሚሉት እኛ ከምናውቀው ጨዋታ ፈጽሞ የተለየ ሲሆን፣ ኳሱ እንቁላል መሰል፣ አብዛኛው እንቅስቃሴም በእጅ የሚከናወን ነው። በእያንዳንዱ ወገን 11 ተጫዋቾች የሚሰለፉ ሲሆን፣ ኳስ የያዘው ቡድን በአራት ሙከራ ቢያንስ 10 ያርድ፣ ማለትም ዘጠኝ ሜትር ያህል፣ ወደፊት መግፋት ይጠበቅበታል። ከተሳካለት አራት ተጨማሪ ሙከራ ያገኛል፤ ካልተሳካለት ኳሱ ለተጋጣሚው ይተላለፋል። 100 ያርድ ርዝመት ባለው ሜዳ ጫፍ ላይ ኳሱን ያደረሰ ቡድን ስድስት ነጥብ የሚያገኝ ሲሆን ይህም "ታችዳውን" ይባላል። ጨዋታው በአራት ባለ 15 ደቂቃ ክፍሎች ተከፍሎ የሚካሄድ ቢሆንም ሰዓቱ በየመሀሉ ስለሚቆም ከሦስት ሰዓት በላይ መውሰዱ የተለመደ ነው።

ከሁሉም በላይ መታወቅ ያለበት አጥቂዎቹና ተከላካዮቹ የተለያዩ ሰዎች መሆናቸው ነው። ቡድኑ ኳስ ሲይዝ 11 አጥቂዎች ይገባሉ፤ ኳሱ ሲያልፍ እነዚያ ወጥተው ሌሎች 11 ተከላካዮች ይተካሉ። ለመርገጫና ለመልስ የሚሰለፉ ሌሎች ተጫዋቾችም አሉ። ጉዳት የበዛበት ጨዋታ በመሆኑ ለእያንዳንዱ ቦታ ተተኪ ያስፈልጋል። በዚህ ምክንያት የአንድ ዩኒቨርሲቲ ስብስብ ከ100 ሰው በላይ ይሆናል። የአሜሪካ ደጋፊ ስለ ቡድኑ ሲወያይ ከውጤቱ ባልተናነሰ ስለዚህ ዝርዝር የሚከራከረውም ለዚህ ነው፤ የሦስተኛው ተተኪ ስም እንኳ በቁም ነገር ይነሳል።

የውድድሩ ታሪክ ረጅም ነው። የመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲዎች ግጥሚያ እንደሆነ የሚቆጠረው ህዳር 6 ቀን 1869 ሩትገርስና ፕሪንስተን ያደረጉት ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ጨዋታው ለሞት እስከማድረስ የደረሰ ጭካኔ ስለነበረበት፣ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1905 የታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎችን ተወካዮች ወደ ዋይት ሐውስ ጠርተው አነጋግረዋል። በማግሥቱ ዓመት የተመሠረተው ማኅበር በኋላ የአሜሪካ ብሔራዊ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር ተብሎ የሚታወቀው ተቋም ሆነ። ማኅበሩ ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል የቆመበት መርህ ተጫዋቹ ተማሪ እንጂ ተቀጣሪ አይደለም፣ ስለዚህም ከትምህርት ወጪ በቀር ክፍያ አይገባውም የሚል ነበር። ቴሌቪዥን ውድድሩን የቢሊዮን ዶላሮች ንግድ ካደረገው በኋላም እንኳ መርሁ ሳይነካ ቆይቷል።

የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ኮሎራዶ ግዛት በሆነችበት በዚያው በ1876 የተመሠረተ የመንግሥት ተቋም ሲሆን፣ ዋናው ግቢው የሚገኘው ከዴንቨር ሰሜን ምዕራብ በሮኪ ተራሮች ሥር በተቆረቆረችው የቦልደር ከተማ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,655 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ለረጅም ርቀት ሯጮች ልምምድ ተመራጭ ናት። የማሞ ወልዴ ስም ለሚያስታውስ አንባቢ አንድ ነገር እንጥቀስ፦ በ1972ቱ የሙኒክ ኦሎምፒክ ማራቶን ማሞ የነሐስ ሜዳሊያ ባገኘበት ውድድር ወርቁን የወሰደው ፍራንክ ሾርተር መኖሪያውን በዚህችው ከተማ ያደረገ ሲሆን፣ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነበት ዓመታዊ የ10 ኪሎ ሜትር የጎዳና ሩጫም ከ1979 ጀምሮ ይካሄዳል። የሩጫው መጨረሻ የዩኒቨርሲቲው የእግር ኳስ ሜዳ፣ ፎልሶም ፊልድ ነው። ኢትዮጵያዊቷ ማሚቱ ዳስካ ደጋግማ ያሸነፈችበትም ይኸው ውድድር በመሆኑ፣ በዴንቨርና በአውሮራ ከሚኖሩት በርካታ ኢትዮጵያውያን መካከል ስታዲየሙን በእግር ኳስ ሳይሆን በሩጫ የሚያውቁት አይጠፉም።

ፎልሶም ፊልድ በ1924 የተከፈተ ሲሆን 50 ሺህ ያህል ተመልካች ይይዛል። ከጨዋታ በፊት "ራልፊ" የተባለች እውነተኛ ጎሽ በተማሪዎች እየተመራች ሜዳውን በሩጫ መዞሯ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የቆየ ልማድ ነው። ቡድኑ በ1990 ከጆርጂያ ቴክ ጋር በመጋራት የአገር አቀፍ ሻምፒዮን ሆኗል። በዚያው ዓመት ከሚዙሪ ጋር ባደረገው ጨዋታ ዳኞች ቆጠራ ተሳስተው ከአራት ይልቅ አምስት ሙከራ ስለሰጡት 33 ለ31 ማሸነፉ እስከዛሬ በተቃራኒ ደጋፊዎች ዘንድ መተረቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ክብሩ እየደበዘዘ ሄዶ በ2022 ከ12 ጨዋታዎች 11ዱን ተሸንፏል።

ዩኒቨርሲቲው በታህሣሥ 2022 ዲዮን ሳንደርስን ዋና አሰልጣኝ አድርጎ ሾመ። ሳንደርስ በተጫዋችነት ዘመናቸው በሙያተኞች ሊግ ከታዩት ታላላቅ ተከላካዮች አንዱ ሲሆኑ፣ በቤዝቦልም እስከ ፍጻሜው ተከታታይ ግጥሚያ ድረስ የተጫወቱ ብርቅ ሰው ናቸው። ለሹመት የበቁት ግን በሚሲሲፒ የሚገኘውን፣ በታሪኩ የጥቁር አሜሪካውያን ተቋም የሆነውን ጃክሰን ስቴትን በሦስት የውድድር ዘመን 27 ጊዜ ለድል አብቅተው ስድስት ጊዜ ብቻ በመሸነፋቸው ነው። የተፈራረሙት ውል ለአምስት ዓመት 29.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የዩኒቨርሲቲው የስፖርት ዳይሬክተር ሪክ ጆርጅ ገንዘቡ በእጃቸው አለመኖሩን፣ እንደሚገኝ ግን እምነት እንዳላቸው በወቅቱ በግልጽ ተናግረዋል። በጀት ሳይፈቀድ ግዴታ የመግባትን ነገር ለሚያውቅ የፋይናንስ ባለሙያ አነጋገሩ ሳያስደነግጠው አይቀርም።

አዲሱ አሰልጣኝ ከነባር ተጫዋቾች ጋር ባደረጉት የመጀመሪያ ስብሰባ መልእክታቸውን አልሸፋፈኑም። የራሳቸውን ተጫዋቾች ይዘው እንደሚመጡ፣ ነባሮቹም ሌላ ትምህርት ቤት ቢፈልጉ እንደሚሻላቸው ነግረዋቸዋል። ስብሰባው ተቀርጾ ለሕዝብ በመሠራጨቱ አገሩ ሁሉ ሰምቶታል። አሠራሩን ለመረዳት በዚያ ወቅት ተደራርበው የተለወጡ ደንቦችን መመልከት ይገባል።

ቀድሞ አንድ ተጫዋች ከአንዱ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው ሲዛወር አንድ ዓመት ሳይጫወት መቀመጥ ነበረበት። ቅጣቱ ዝውውርን እንደ ልጓም ይገታ ነበር። በጥቅምት 2018 ለመዛወር የሚፈልጉ ተጫዋቾች ስማቸውን የሚያስገቡበት የዝውውር መዝገብ በኮምፒውተር ተዘረጋ፤ ስሙ የገባን ተጫዋች ማንኛውም አሰልጣኝ ማነጋገር ይችላል። በ2021 ደግሞ ተጫዋቹ አንድ ጊዜ ያለ ቅጣት እንዲዛወር ተፈቀደ። በዚሁ ዓመት ሰኔ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከትምህርት ጋር የተያያዙ ጥቅሞችን የሚገድበውን የማኅበሩን ደንብ በዘጠኝ ለዜሮ ድምፅ ሻረ። ከሐምሌ 1 ቀን 2021 ጀምሮም ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ከማስታወቂያ ገቢ እንዲያገኙ ማኅበሩ ፈቀደ።

አራተኛው ለውጥ ብዙም ያልተወራለት ነው። በዚህ ጸሐፊ እምነት ግን ለኮሎራዶ ወሳኙ እርሱ ነበር። በቀድሞው ደንብ አንድ ቡድን በጠቅላላው 85 ተጫዋቾችን በነጻ የትምህርት ዕድል መያዝ ሲችል፣ በአንድ ዓመት አዲስ ማስገባት የሚፈቀድለት 25 ብቻ ነበር። ስለዚህ አሰልጣኝ ምን ቢቸኩል ስብስቡን ለመለወጥ ሦስትና አራት ዓመት ይፈጅበታል። በ2022 የጸደይ ወቅት ማኅበሩ የ25ቱን ጣሪያ ለሁለት ዓመት አነሳ። የ85ቱ ጣሪያ እንደነበረ ስለቀረ፣ አዲስ ለማስገባት ብቸኛው መንገድ ነባሩን ማስወጣት ሆነ።

በዚህም ላይ በዋና አሰልጣኝነት አዲስ የተሾመ ሰው በመጀመሪያ ዓመቱ ነባር ተጫዋቾችን ከቡድኑ እንዲያሰናብት የሚፈቅድ ደንብ ነበር። ተሰናባቹ በዩኒቨርሲቲው ትምህርቱን መቀጠል ከፈለገ ወጪው ይሸፈንለት ነበር፣ ከጣሪያውም አይቆጠርም ነበር፤ መጫወት ግን አይችልም ነበር። ምርጫው በወረቀት ላይ ፍትሐዊ ይመስላል። ይሁን እንጂ ከልጅነቱ ጀምሮ ለዚያ ሜዳ ሲለፋ ለኖረ የ19 ዓመት ወጣት ግቢ ውስጥ ተቀምጦ ቦታውን በሌላ ሰው ተይዞ ማየት ቀላል አይደለም። የድልድል ውጤት በማስታወቂያ ሰሌዳ ሲለጠፍ ከዝርዝሩ ስሙን ፈልጎ ያጣ ሠራተኛ ስሜቱን ሳይረዳው አይቀርም። በመሆኑም አብዛኞቹ ስማቸውን በመዝገቡ አስገብተው ወጡ።

ሚያዝያ 22 ቀን 2023 በፎልሶም ፊልድ የተካሄደው የጸደይ ልምምድ ግጥሚያ የሁለቱም ስሜቶች መድረክ ነበር። በረዶ እየጣለ 47,277 ሰው ተገኝቶ ቡድኑ እርስ በርሱ ሲጫወት ተመልክቷል። በቀጣዮቹ ቀናት ግን በዚያ ሕዝብ ፊት ከተጫወቱት መካከል ብዙዎቹ ስማቸውን በዝውውር መዝገብ አስገብተዋል። ከመካከላቸው አንዳንዶቹ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሲያገኙ፣ አንዳንዶቹ ዝቅ ወዳለ ደረጃ ወርደዋል። ነሐሴ ሲደርስ በ2022 በነጻ የትምህርት ዕድል ከተጫወቱት የቀሩት ወደ 10 የሚጠጉ ብቻ ሲሆኑ፣ አዲስ የገቡት ከ80 በላይ ነበሩ። በማኅበሩ ታሪክ በዚህ ደረጃ በአንድ ጊዜ ተቀይሮ የታየ ቡድን አልነበረም።

ከአዲሶቹ ጎልተው የሚታዩት አሰልጣኙን ተከትለው ከጃክሰን ስቴት የመጡት ነበሩ። የመጀመሪያው ኳርተርባኩ፣ ማለትም ኳሱን እየተቀበለ የሚያከፋፍለው የማጥቃቱ መሪ፣ ሸዱር ሳንደርስ ሲሆን የአሰልጣኙ ልጅ ነው። ሌላው ልጃቸው ሻይሎም በመከላከል ተሰልፏል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት አባት ሁለት ልጆቹን በመምሪያው ውስጥ ቢያሠራ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ በዚያም ተነሥቷል። ሦስተኛው ትራቪስ ሀንተር ነው። ይህ ወጣት ከሁለተኛ ደረጃ ሲወጣ በአገሪቱ እጅግ ከሚፈለጉት ተጫዋቾች አንዱ ሆኖ ሳለ ታላላቆቹን ዩኒቨርሲቲዎች ትቶ ጃክሰን ስቴትን የመረጠ ነው። ከሁሉም በላይ ልዩ የሚያደርገው በማጥቃትም በመከላከልም መሰለፉ ነው፤ ጨዋታው ለሁለት ቡድን ከተከፈለ ከአሥርተ ዓመታት ወዲህ እንዲህ ያለ ተጫዋች በከፍተኛ ደረጃ አልታየም ማለት ይቻላል።

የመክፈቻ ተጋጣሚው ቴክሳስ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ በቀደመው የውድድር ዘመን እስከ አገር አቀፉ ፍጻሜ ደርሶ በጆርጂያ 65 ለ7 የተሸነፈ ሲሆን፣ በአዲሱ ዓመት ደረጃ 17ኛ ተብሎ ነበር። ኮሎራዶ ከ20 ነጥብ በላይ በሆነ ልዩነት እንደሚሸነፍ የተገመተው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከሜዳው ውጪ ነው፤ ሙቀቱ የቴክሳስ ነው፤ ተጫዋቾቹም እርስ በርስ ከተዋወቁ ጥቂት ወራት ብቻ ሆኗቸዋል።

የሆነው ግን ሌላ ነው። ሸዱር ሳንደርስ ከ47 ውርወራ 38ቱን ለባልደረቦቹ አድርሶ 510 ያርድ በማስመዝገብ የዩኒቨርሲቲውን ክብረ ወሰን የሰበረ ሲሆን፣ አራት ታችዳውንም በውርወራው ተቆጥሯል። አራት ተቀባዮች እያንዳንዳቸው ከ100 ያርድ በላይ ማግኘታቸውም እጅግ ያልተለመደ ነው። ከካንሳስ የመጣው የአንደኛ ዓመት ተማሪ ዲላን ኤድዋርድስ በመጀመሪያ ጨዋታው ብቻ አራት ታችዳውን አስቆጠረ፤ በመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ቡድኑን ወደ መሪነት ያሻገረው ረጅም ሩጫም የእርሱ ነው። ሀንተር በሁለቱም ወገን ከ100 በላይ ሙከራዎች ሜዳ ውስጥ ቆይቶ 11 ኳስ ተቀብሎ 119 ያርድ አግኝቷል፤ በመከላከል በኩል ደግሞ በራሱ የጎል መስመር አካባቢ የተጋጣሚን ኳስ ነጥቋል። አሰልጣኙ ከጨዋታው በኋላ በተሰጠው መግለጫ ላይ ቀድሞ ያላመኑባቸውን ጋዜጠኞች አሁንስ አመናችሁ ወይ እያሉ መጠየቃቸው ይታወሳል።

ደጋፊዎች ከዚያ ቀን ማግሥት ጀምሮ ያነሱት ክርክር በሁለት ጎራ የተከፈለ ነበር። አንደኛው ወገን ድሉ ራሱ ምስክር ነው ይላል። ዓመታትን በሽንፈት ያሳለፈን ቡድን በትዕግሥት እየገነቡ መቆየት ሲሞከር ኖሮ ውጤት አላመጣም፤ ተጫዋቾቹ በችሎታ ካልበቁ ስንብቱ ምንም ቢጎመዝዝ አስፈላጊ ነበር የሚል ነው። ይህ ወገን በፎርት ወርዝ የታየውን ፍጥነት፣ የተቀባዮቹን ብዛትና የኳርተርባኩን እርጋታ ይጠቅሳል።

ሁለተኛው ወገን ድሉን ሳይጠላ ዝርዝሩን በጥንቃቄ ያነብ ነበር። ተጋጣሚው 42 ነጥብ ማስቆጠሩን፣ የኮሎራዶ ማጥቃት ከሞላ ጎደል በውርወራ ላይ ብቻ መንጠልጠሉን፣ በሩጫ የተገኘው እርምጃ ኢምንት መሆኑን ያነሳል። ዋናው ስጋቱ ግን ከኳርተርባኩ ፊት የሚሰለፉት አምስት ግዙፍ ተጫዋቾች ናቸው። ከእነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ ኳስ አይነኩም፣ ስማቸውም አይጠራም። ሥራቸው ወራሪውን እየገፉ ለመሪያቸው ሦስትና አራት ሰከንድ መግዛት ነው። ለዚህ ደግሞ የግል ችሎታ አይበቃም፤ አምስቱ አብረው ብዙ ጊዜ ሊጫወቱ፣ የጎረቤታቸውን እርምጃ ሳያዩ ሊያውቁ ይገባል። ፈጣን ተቀባይ ከዝውውር መዝገብ በሳምንት ይገኛል። ተስማምቶ የሚቆም የፊት መስመር ግን በዝውውር አይመጣም፤ ዩኒቨርሲቲዎችም ያላቸውን በቀላሉ አይለቁም።

ቀጣዮቹ ሁለት ሳምንታት የመጀመሪያውን ወገን ደገፉ። ኮሎራዶ ኔብራስካን 36 ለ14፣ ከዚያም የግዛቱን ተቀናቃኝ ኮሎራዶ ስቴትን በሁለት ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ 43 ለ35 አሸነፈ። ይሁን እንጂ በዚሁ በኋለኛው ጨዋታ ሀንተር በጉበቱ ላይ ጉዳት ደርሶበት ለሦስት ጨዋታዎች ተለየ። መስከረም 23 ኦሬገን ኮሎራዶን 42 ለ6 ሲረታ የፊት መስመሩ ገመና ሙሉ በሙሉ ተገለጠ። ጥቅምት 13 በሜዳው ስታንፎርድን 29 ለ0 ከመራ በኋላ 46 ለ43 መሸነፉ ደግሞ ለደጋፊው መራራ ሆነ። በውድድር ዘመኑ መጨረሻ የቡድኑ ኳርተርባኮች ኳሱን ከመወርወራቸው በፊት 56 ጊዜ ተይዘው ወድቀዋል። ሸዱር ሳንደርስም በጉዳት የመጨረሻውን ጨዋታ መጫወት አልቻለም። ሦስቱን በተከታታይ በማሸነፍ የጀመረው ቡድን ከቀሩት ዘጠኝ ጨዋታዎች አንዱን ብቻ አሸንፎ በአራት ድልና በስምንት ሽንፈት ፈጸመ። ሁለተኛው ወገን በመክፈቻው ማግሥት ያነበበው ትክክል ነበር ማለት ነው።

ይህ ማለት ግን ዩኒቨርሲቲው ከሰረ ማለት አይደለም። የሙሉ ዓመት የመግቢያ ትኬቶች ተሸጠው አልቀዋል፤ ጨዋታዎቹ በቴሌቪዥን በብዙ ሚሊዮን ተመልካች ታይተዋል። በመሠረቱ በአሜሪካ በብዙ ግዛቶች ከመንግሥት ተከፋዮች ሁሉ ከፍተኛውን ደመወዝ የሚያገኘው የዩኒቨርሲቲ የእግር ኳስ ወይም የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ነው፤ ከግዛቱ ገዢ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ለዚህ የሚቀርበው መከራከሪያ ክፍያው በአመዛኙ ከግብር ከፋዩ ሳይሆን ከትኬት፣ ከቴሌቪዥን መብትና ከለጋሾች የሚሰበሰብ ነው የሚል ነው። መከራከሪያው ለታላላቆቹ ቡድኖች ይሠራል። ለሌሎች በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ግን የስፖርት ክፍሉ ከተማሪዎች ክፍያና ከተቋሙ መደበኛ በጀት የሚደጎም በመሆኑ ነገሩ እንደዚያ ቀላል አይደለም።

በ2024 ዩኒቨርሲቲው ወደ "ቢግ 12" የውድድር ምድብ ተዛወረ። ነሐሴ 29 በተደረገው የመክፈቻ ጨዋታ ኖርዝ ዳኮታ ስቴትን 31 ለ26 አሸነፈ። የዓመቱ ውጤት ዘጠኝ ድልና አራት ሽንፈት ሲሆን፣ ሀንተር የዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሸለመውን የሃይዝማን ዋንጫ በታህሣሥ ወር ተቀበለ። የ2023ቱ የመክፈቻ ጀግና ዲላን ኤድዋርድስ ግን በዚህ ጊዜ አልነበረም፤ ከአንድ የውድድር ዘመን በኋላ ስሙን በዝውውር መዝገብ አስገብቶ ወደ ካንሳስ ስቴት ሄዷል። ደጋፊው የወደደውን ስም ማልያ ላይ አሳትሞ ሳይጠግብ ተጫዋቹ ሌላ ማልያ ለብሶ ማየቱ በአሁኑ ዘመን የተለመደ ሆኗል። አሰልጣኝ ነባሩን በአንድ ቀን የሚሸኝበት በር ተጫዋቹም አሰልጣኙን በአንድ ቀን የሚሸኝበት በር ነውና።

በመጋቢት 2025 የአሰልጣኙ ውል በአምስት ዓመት 54 ሚሊዮን ዶላር ታደሰ። በሚያዝያ ወር ዩኒቨርሲቲው የሸዱር ሳንደርስን 2 ቁጥርና የሀንተርን 12 ቁጥር ከእንግዲህ ማንም እንዳይለብሳቸው ሲያግድ ደጋፊዎች እንደገና ተከፋፈሉ። የሀንተርን ክብር የተቃወመ ጥቂት ነው። ለሁለት ዓመት ብቻ የተጫወተና ሻምፒዮና ያላስገኘ ኳርተርባክ ግን በ1990ዎቹ ከነበሩት ባለውለታዎች በፊት ይህን ማግኘት አለበት ወይ፣ ውሳኔውስ የአባቱ እጅ የለበትም ወይ የሚለው ጥያቄ የነባር ተጫዋቾችንም ቅሬታ ያካተተ ነበር። በዚያው ወር በተካሄደው የሙያተኞች ሊግ ምርጫ ሀንተር በሁለተኛ ተራ በጃክሰንቪል ሲመረጥ፣ ገና በመጀመሪያው ዙር እንደሚመረጥ በብዙዎች የተጠበቀው ሸዱር እስከ 144ኛው ተራ ቆይቶ በክሊቭላንድ ተወሰደ። ሁለቱ ከሄዱ በኋላ ኮሎራዶ የ2025ን የመክፈቻ ጨዋታ በጆርጂያ ቴክ 27 ለ20 ተሸነፈ፤ ዓመቱንም በሦስት ድልና በዘጠኝ ሽንፈት ጨረሰ።

እስከዚያው ደንቦቹም አልቆሙም። ሰኔ 6 ቀን 2025 የፌዴራል ዳኛ ክሎዲያ ዊልከን ያጸደቁት የክርክር ስምምነት ዩኒቨርሲቲዎች ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ እንዲከፍሉ የፈቀደ ሲሆን፣ ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ተቋም ጣሪያ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ሆኗል። ለቀድሞ ተጫዋቾችም 2.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ካሣ በአሥር ዓመት ውስጥ እንዲከፈል ተወስኗል። የ85 ነጻ የትምህርት ዕድሎች ጣሪያ ቀርቶ በምትኩ የቡድኑ ጠቅላላ አባላት ከ105 እንዳይበልጡ ተደንግጓል። ጣሪያው ያለ ክፍያ በፍላጎታቸው ቡድኑን የሚያገለግሉትን ተማሪዎች የሚያስወጣ በመሆኑ ዳኛዋ በሚያዝያ ወር ስምምነቱን ሳያጸድቁ ያዘገዩት፣ በዚሁ ሰበብ የተቀነሱት ወይም ሊቀነሱ የነበሩት ከ105ቱ ውጪ እንዲቆጠሩ ከተደረገ በኋላ ነው ያጸደቁት። ለተሰናባቹ ተጫዋች ጥያቄ በፍርድ ቤት ደረጃ ጆሮ ሲሰጠው ይህ ከታዩት ጥቂት አጋጣሚዎች አንዱ ነው።

የዝውውሩ ጊዜም ጠብቧል። በ2023 ከሚያዝያው ግጥሚያ በኋላ ተጫዋቾች የወጡበት የጸደይ ወራት የዝውውር ጊዜ የተሰረዘ ሲሆን፣ በ2026 መዝገቡ ክፍት የሆነው ከጥር 2 እስከ 16 ለ15 ቀናት ብቻ ነው። በዚህ መሠረት አንድ አሰልጣኝ ተጫዋቾቹን በጸደይ ልምምድ መዝኖ በማግሥቱ በሌሎች ሊተካቸው የሚችልበት አሠራር ቀርቷል፤ ማንን እንደሚያስቀርና ማንን እንደሚሸኝ በጥር ወር፣ አዲሶቹን በሜዳ ሳያያቸው መወሰን ይኖርበታል።